የተረከቡትን በይነ ዲሲፕሊናዊ የምርምር ተቋም ለመለወጥ፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ታሪክ?

የተለያዩ የትምህርት መስኮችን አጣምሮ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ተቋም እንዲመራ የተሾመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚቀርብለት ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ተቋሙ ወዴት ይሂድ ይባላል። ስትራቴጂያዊ ዕቅድ እንዲያቀርብ ይጠየቃል፣ አማካሪ ቡድን ይዋቀራል፣ አዲስ ስያሜ ይታሰባል። ተቋሙ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያንን ጥያቄ አስቀድሞ ለማንሳት ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ዳይሬክተር ወይም የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት ሊሆን ይችላል፣ አለዚያም በሴኔት ኮሚቴ ተቀምጦ “ይዋሃድ፣ ይዘጋ ወይስ ይስፋ” በሚለው ላይ ድምፅ የሚሰጥ መምህር።

ለለውጥ የሚቀርቡት መንገዶች ሲጠቃለሉ አምስት ናቸው። ነባሩን ሳይነኩ አዲስ ነገር መደረብ አንዱ ነው። ቤቱንና ሰዉን ይዞ ዓላማውን መለወጥ ሁለተኛው፣ ነባሩን አፍርሶ በምትኩ ሌላ መሥራት ሦስተኛው፣ ከነባሩ ገለል ብሎ አዲስ መጀመር አራተኛው ነው። አምስተኛው እንዳለ መተው ሲሆን፣ ምርጫ መሆኑ ሳይታወቅ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እርሱ ነው። ከአምስቱ በራሱ የሚበልጥ የለም። በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ያማረለት መንገድ በሌላው የሚከሽፈው መሪዎቹ ስለሚያንሱ ሳይሆን፣ የተረከቡት ታሪክ የተቀመጠበት ቦታ ስለሚለያይ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መንገዶቹን ከማወዳደር በፊት ይህ ታሪክ የት እንደሚቀመጥ ማየት ይገባል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ የት ተቀምጧል?

የሶሲዮሎጂ ምሁሩ አርተር ስቲንችኮም በ1965 ባወጣው ጥናት፣ ድርጅቶች በተመሠረቱበት ዘመን የነበረውን አሠራር ዘመኑ ካለፈ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይዘው እንደሚቆዩ አስረድቷል። ሐሳቡ ለዩኒቨርሲቲ ምርምር ተቋማት በጣም ይስማማል፤ ነገር ግን “ታሪክ ይጫናል” ብሎ ማለፍ ለውሳኔ ሰጪ ምንም አይፈይድለትም። ታሪክ የሚጫነው በአየር ላይ ተንሳፎ አይደለም። የሚጨበጥ ነገር ውስጥ ተቀምጦ ነው፤ እነርሱም በዋናነት ሦስት ናቸው፦ የቅጥር መደብ፣ የገንዘብ ምንጭና ቦታ።

ከሦስቱ የመጨረሻው ትንሹ ይመስላል። እኔ በአንድ ወቅት አባል በሆንኩበት የግምገማ ኮሚቴ ያየሁት ግን ይህን እንዳልንቅ አስተምሮኛል። የምንገመግመው ማዕከል በስድስት ትምህርት ክፍሎች የጋራ ባለቤትነት የሚተዳደር ነበር። በማይክሮስኮፕ ክፍሉ በር አጠገብ የተራ መያዣ መዝገብ ተሰቅሏል፤ ዓምዶቹ በእጅ የተሰመሩ ናቸው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባሉት ዓምዶች አናት ላይ የአንድ ትምህርት ክፍል ስም ተጽፏል፣ በቀሩት ሁለት ቀናት ላይ “ሌሎች” ይላል። መሣሪያውን የሚቆጣጠረውን ባለሙያ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ብንጠይቀው “እንዲህ ሆኖ ነው የተረከብኩት” አለን። ቆይተን ቃለ ጉባኤዎቹን ስናገላብጥ መልሱ ተገኘ፤ ማዕከሉ ሲመሠረት የክፍሉን የኤሌክትሪክ መስመርና የአየር ማስወጫ ከራሱ በጀት ያሠራው ያ ትምህርት ክፍል ነበርና ለአምስት ዓመት ቅድሚያ እንዲያገኝ ተወስኗል። አምስቱ ዓመት ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ውሳኔውን የሚያስታውስ አንድም ሰው አልነበረም፤ መዝገቡ ግን በየዓመቱ በአዲስ ደብተር ላይ በዚያው መስመር እየተሰመረ ቀጥሏል። “ሌሎች” የተባሉት አምስቱ ትምህርት ክፍሎች ማዕከሉ የእነርሱ እንዳልሆነ የሚሰማቸው ለምን እንደ ሆነ በመጠይቅ ስንፈልግ ከርመን ነበር።

ገንዘብ ከቦታ ይበልጥ ይታያል፤ ስለዚህም ሰዎች የሚነጋገሩት ስለ እርሱ ነው። ዋናው ጥያቄ መጠኑ አይደለም፤ ከስንት ምንጭ እንደሚመጣና ማን እንደሚያከፋፍለው ነው። ከአንድ ምንጭ በጥቅል የሚመጣ ገንዘብ ዳይሬክተሩን ኃይለኛ ያደርገዋል፤ ተቋሙን ግን የሰጪው ሐሳብ በተለወጠ ቁጥር የሚናወጥ ያደርገዋል። ከብዙ አነስተኛ ምንጮች የሚመጣ ገንዘብ ተቋሙን ያጸናዋል፤ ዳይሬክተሩን ግን ከቢሮ ኃላፊነት ብዙም አያሳልፈውም።

ከሁሉም የሚከብደው ቅጥር ነው። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ቋሚ ቅጥር ያገኘ ተመራማሪ ሠላሳ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ የዛሬው የቅጥር ደብዳቤ እስከ ሦስት ዳይሬክተሮች ድረስ የሚያስር ውል ነው። የማዕረግ ዕድገት ፋይሉን የሚያነበው የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ከሆነ፣ ተመራማሪው በዚያ መስክ መጽሔቶች ላይ ይጽፋል፤ የተቋሙ መሥራች ሰነድ ስለ ጥምረት ምንም ያህል አምሮ ቢጻፍ ይህን አይለውጠውም። በእኔ ግምት አንድ ተቋም በይነ ዲሲፕሊናዊ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ስሙን፣ ድረ ገጹን ወይም ሕንፃውን ማየት አያስፈልግም፤ የዕድገት ፋይሉ የት ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ መጠየቅ ይበቃል።

መደረብ

ነባሩን ሳይነኩ አዲስ ፕሮግራም፣ ማዕከል ወይም የጋራ ላቦራቶሪ መጨመር ከሁሉም የተለመደው መንገድ ነው፤ ተቃዋሚው ጥቂት ስለሆነ። ትምህርት ክፍሎች መደባቸውን አያጡም፣ ዲኖች ሥልጣናቸው አይነካም፣ ሴኔቱም በአንድ ስብሰባ ያጸድቀዋል።

በዚህ መንገድ ከተሠሩት ሁሉ ብዙ የተቀዳው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ኤምአይቲ) ምሳሌ ነው። በ1940 ለራዳር ሥራ የተቋቋመው ራዲዬሽን ላቦራቶሪ ጦርነቱ አብቅቶ በ1945 መጨረሻ ሲዘጋ፣ መሣሪያውና ከሰዎቹ ጥቂቱ ወደ አዲሱ የኤሌክትሮኒክስ ምርምር ላቦራቶሪ ተዛወሩ፤ ይህም በ1946 ሥራ ጀመረ። ላቦራቶሪው በፊዚክስና በኤሌክትሪክ ምህንድስና ትምህርት ክፍሎች መካከል የተቀመጠ ሲሆን፣ መምህሩ የትምህርት ክፍሉ ሰው እንደ ሆነ ይቆያል፣ ቦታውን፣ መሣሪያውንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹን የሚያገኘው ግን ከላቦራቶሪው ነው። ይህ ክፍፍል በጦርነቱ ጊዜ የተለመደ የአሠራር ዘይቤ በሰላም ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳያጋጭ እንዲኖር ያስቻለ ብልኃት ነበር። የተለያዩ ሰዎች አንድ መሣሪያ ለመሥራት በአንድ ጣሪያ ሥር መሰብሰብን ለምደው ነበር፤ ልምዱ ቀጠለ፣ ቅጥሩ ግን ወደ ወትሮው ቤቱ ተመለሰ።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በ1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ባዮ ኤክስ የተሰኘው ፕሮግራምም በዚያው መንገድ ሄዷል። በ2003 የተከፈተው ክላርክ ሴንተር የተባለው ሕንፃ በሕክምናው ትምህርት ቤትና በምህንድስናው መካከል የቆመ ነው፤ የቤተ ሙከራ ጠረጴዛዎቹ መንኮራኩር ያላቸው ስለሆኑ እንደ ሥራው ይገፋሉ። መምህራኑ ግን በየትምህርት ክፍላቸው የተቀጠሩ ናቸው። የዚህ አደረጃጀት ጥቅም በችግር ጊዜ ይታያል። ዋናው ለጋሽ ጂም ክላርክ በ1999 150 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገብቶ፣ በ2001 የአሜሪካ መንግሥት በስቴም ሴል (ግንደ ሕዋስ) ምርምር ላይ የጣለውን ገደብ በመቃወም 60 ሚሊዮኑን እንደያዘው አስታወቀ። ደመወዝ በዚያ ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ገና ሳይቆም ይወድቅ ነበር የሚል ግምት አለኝ። የተደረበ ነገር ቀላልነቱ ድክመቱ ብቻ አይደለም፤ ድንጋጤንም ይችላል።

ድክመቱ የሚታየው በጊዜ ብዛት ነው። በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የላሞንት የምድር ሳይንስ ምርምር ጣቢያ በ1949 ተመሠረተ፤ በ1995 የምድር ኢንስቲትዩት ተጨመረበት፤ በ2020 ደግሞ የአየር ንብረት ትምህርት ቤት መቋቋሙ ይፋ ሆነ። ላሞንት ዛሬም በስሙ ይጠራል። እያንዳንዱ ድርብርብ የራሱ ዘመን ጥያቄ አለው፤ የመጀመሪያው የውቅያኖስን ወለልና የመሬት መንቀጥቀጥን ሊያጠና የተነሣ ሲሆን፣ የመጨረሻው ተማሪ የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት ነው። እንዲህ ያለው አደረጃጀት ሀብታም ነው፤ የሚመራው ሰው ግን በአንድ ውሳኔ ላይ የሦስት ዘመን ልማድ እንደሚገጥመው ማሰብ አለበት። ከታች ያለው ሳይነሣ ከላይ የሚጨመር ከሆነ፣ ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በኋላ ለውጥን የሚያዘገየው ትምህርት ክፍል ሳይሆን የትናንቱ ለውጥ ራሱ ይሆናል።

ለዚህ የታወቀው መድኃኒት የዕድሜ ገደብ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በ1985 የጀመራቸው የምህንድስና ምርምር ማዕከላት ድጋፍ የሚያገኙት በአብዛኛው ለአሥር ዓመት ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ በራሳቸው ይቆማሉ ወይም ይበተናሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም የተደራጁ የምርምር ክፍሎቹን በየአምስት ዓመቱ ይገመግማል። መደረብን የሚመርጥ ሰው የማብቂያውን ቀን በመቋቋሚያ ሰነዱ ውስጥ ማስፈር አለበት፤ በኋላ ለማስገባት የሚሞክር ሰው ያን ጊዜ ባለ ጉዳይ የሆኑትን ሁሉ ይጋፈጣል።

ዓላማን መለወጥ

ይህ መንገድ ከሁሉም ያነሰ ይነገርለታል፣ በእኔ አስተያየት ግን ሁኔታው ሲገጥም ከሁሉም የሚያዋጣ ነው። ሕንፃው፣ መሣሪያውና አብዛኛው ሰው ባለበት ይቆያል፤ የሚለወጠው ገንዘቡ የሚሰጥበት ደንብና የሥራው ትርጉም ነው።

ጥሩ ማሳያ የሚሆኑት የአሜሪካ የቁስ አካል ምርምር ላቦራቶሪዎች ናቸው። ሶቪየት ኅብረት በ1957 የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ የተቋቋመው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የላቀ ምርምር ኤጀንሲ በ1960 ከኮርኔል፣ ከፔንሲልቬንያና ከኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የመጀመሪያዎቹን ውሎች ተፈራረመ፤ ሌሎችም ተከተሉ። የዘመኑ ችግር ለሮኬትና ለኑክሌር ሥራ የሚሆን ቁስ መጥፋቱ ነበር፣ ዕውቀቱ ደግሞ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በብረታ ብረት ትምህርት ክፍሎች ተበታትኖ ነበር። ገንዘቡ በጥቅል ለዩኒቨርሲቲው ይሰጣል፤ በጋራ የሚጠቀሙባቸው ውድ መሣሪያዎች ይገዛሉ፤ በውስጥ የማከፋፈሉ ሥራ የዳይሬክተሩ ነው።

ውጤቱ ሁለት መልክ ነበረው። ብዙ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሠለጠነ፣ መሣሪያው በእርግጥም የጋራ ሆነ። ነገር ግን በጥቅል የመጣ ገንዘብ በነፍስ ወከፍ ሲከፋፈል፣ ብዙው መምህር ድርሻውን ይዞ ወደ ወትሮው ሥራው ይመለሳል፤ ጣሪያው አንድ፣ ሥራው የየግል ይሆናል። በ1972 ላቦራቶሪዎቹ ወደ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ሲዛወሩ አዲሱ ባለቤት ሕንፃ አልሠራም፣ ሰውም አላባረረም። የለወጠው የማመልከቻውን ቅርጽ ነው፤ ገንዘቡ የተለያየ መስክ ያላቸው ሰዎች ለአንድ የጋራ ጥያቄ በሚያቋቁሙት ቡድን ዙሪያ እንዲቀርብ አደረገ። በ1990ዎቹም ፕሮግራሙ እንደገና ስሙንና ደንቡን ቀይሮ ቀጠለ።

ይህ ለውጥ እንዲሳካ ያደረጉት ሁለት ታሪካዊ አጋጣሚዎች ናቸው። አንደኛ፣ ቅጥሩ ከመጀመሪያውኑ በትምህርት ክፍሎች ውስጥ ስለ ነበር ላቦራቶሪው ለማንም የዕድሜ ልክ ደመወዝ ቃል አልገባም፤ ሥራው ሲለወጥ ኑሮው የሚናጋ ሰው አልነበረም። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ከአንድ ምንጭ ስለ ነበር ደንቡን በአንድ ጊዜ መለወጥ ተቻለ። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል መንገዱ በጣም ይጠባል። ተቋሙ የራሱን ተመራማሪዎች በቋሚነት ቀጥሮ ከሆነ፣ “ዓላማችን ተለውጧል” የሚለው ማስታወቂያ ለእነርሱ የሥራ ስንብት ይመስላል። ያን ጊዜ የሚገጥመው ዝምታ ነው፤ ሁሉም አዲሱን ቋንቋ በማመልከቻው ይጽፋል፣ በቤተ ሙከራው ግን የቀድሞው ሥራ ይቀጥላል።

አፍርሶ መሥራት

ትዕግሥት የሌለው መሪ የሚመኘው መንገድ ይህ ነው፤ ነባር ትምህርት ክፍሎችን ወይም ማዕከላትን አፍርሶ በምትካቸው አዲስ አካል ማቆም። ታሪክን በአንድ ውሳኔ የሚያስወግድ ይመስላል፣ ነገር ግን ታሪክ ሰነድ ስለተሻረ አይወጣም።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1946 የተመሠረተው የማኅበራዊ ግንኙነቶች ትምህርት ክፍል ሶሲዮሎጂን፣ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂን፣ ማኅበራዊና ክሊኒካል ሳይኮሎጂን በአንድ ያሰባሰበ ነበር። ታልኮት ፓርሰንስ፣ ጎርደን ኦልፖርት፣ ሄንሪ መሪና ክላይድ ክላክሆን መሥራቾቹ ነበሩ፤ ከዚያ የበለጠ ስመ ጥር ቡድን ማሰባሰብ አስቸጋሪ ነው። ቅጥርም ነበራቸው፣ ዲግሪም ይሰጡ ነበር። ይሁን እንጂ በ1970 ሶሲዮሎጂው ተለይቶ ወጣ፣ በ1972 ትምህርት ክፍሉ ፈረሰ። ከምክንያቶቹ ዋናው አንድነቱ በመሥራቾቹ ወዳጅነትና በጦርነቱ ዘመን አብሮ የመሥራት ልምድ ላይ የቆመ መሆኑ ይመስለኛል። ተመራቂው ሥራ የሚያገኘው በሌላ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ወይም የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍል ነው፤ የሚታወቅበት የሙያ ማኅበርም እንደዚያው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ግንብ ሊያፈርስ ይችላል፤ የሌሎቹን ግን አያፈርስም።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ክሩዝ ካምፓስ ታሪክ ይህን በሌላ በኩል ያሳያል። በ1965 ሲከፈት የተመሠረተው በኮሌጆች ላይ ነበር፤ እያንዳንዱ ኮሌጅ ከተለያዩ መስኮች የመጡ መምህራን የሚገኙበት አነስተኛ ማኅበረሰብ ነው። የመምህሩ መደብ ግማሹ ከኮሌጁ፣ ግማሹ በመስኩ ከተዋቀረው የጥናት ቦርድ ነበር፤ ዕድገቱንም ሁለቱም ይገመግሙታል። በወረቀት ላይ ፍጹም ሚዛን ነው። ለወጣቱ መምህር ግን ሁለት አለቃ ማስደሰት ማለት ነው፤ ኮሌጁ አዲስ የጋራ ኮርስ እንዲያዘጋጅ ይፈልጋል፣ ቦርዱ ደግሞ በመስኩ መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ይቆጥራል። በ1979 የካምፓሱ ቻንስለር (የበላይ ኃላፊ) ሮበርት ሲንሻይመር ባደረጉት መልሶ ማደራጀት የአካዳሚክ ሥልጣኑ ወደ ቦርዶቹ ዞረ። ካምፓሱ አዲስ ስለ ነበር የሚያፈርሰው ትምህርት ክፍል አልነበረውም፤ ታሪኩን ይዘው የመጡት መምህራኑ ናቸው፣ ዶክትሬታቸውን ከሠሩበት ቤት። ባዶ መሬት ላይ የተሠራ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ታሪክ አልባ ሆኖ አይጀምርም።

የተሳካለትም አለ። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማይክል ክሮው በ2002 ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ የአንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍል በ2005 የሰው ዘር ዝግመተ ለውጥና የማኅበራዊ ለውጥ ትምህርት ቤት ሆነ፤ በ2006 የሥነ ምድርና የሥነ ፈለክ ሰዎችን በአንድ ያደረገ የምድርና የሕዋ ምርምር ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ከሃርቫርዱ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሐሳብ ጥራት አይመስለኝም። ያው ፕሬዚዳንት ከሃያ ዓመት በላይ በወንበሩ ላይ ቆይተዋል፤ ይህም አንድ ሙሉ የመምህራን ትውልድ በአዲሱ ቤት ተቀጥሮ እንዲያድግ የሚበቃ ጊዜ ነው። ዩኒቨርሲቲው በፍጥነት እያደገ ስለ ነበርም አዲስ መደብ ለመክፈት ከነባሩ መቀማት አላስፈለገም። አፍርሶ መሥራትን የሚያስብ መሪ ራሱን መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው፤ የሥራ ዘመኑ አራት ዓመት ከሆነና በጀቱ ካላደገ፣ የሚያፈርሰውን ያፈርሳል፣ የሚሠራውን ግን ሌላ ሰው ነው የሚወስንለት።

ገለል ብሎ መጀመር

ከነባሩ ጋር ከመታገል ይልቅ በጎኑ ወይም ከግቢው ውጭ አዲስ ነገር ማቆምም ይቻላል። በ1968 የተጀመረው የጀርመኑ ቢለፌልድ ዩኒቨርሲቲ የበይነ ዲሲፕሊናዊ ምርምር ማዕከል በጀርመናዊው ሶሲዮሎጂስት ሄልሙት ሼልስኪ ሐሳብ የተነሣ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ማስተማር የጀመረው ከእርሱ በኋላ ነው። ማዕከሉ የራሱ ቋሚ ተመራማሪ የለውም፤ ከየቦታው የሚጋበዙ ቡድኖች በአንድ ርዕስ ላይ እስከ አንድ ዓመት ድረስ አብረው ይኖራሉ፣ ከዚያ ይበተናሉ። ኖርበርት ኤልያስን የመሰለ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ከ1978 እስከ 1984 እዚያ ኖሮ ሠርቷል። ብልኃቱ ግልጽ ነው፤ ቋሚ ቅጥር ከሌለ በቅጥር ውስጥ የሚከማች ታሪክም የለም፣ ስለዚህ ማዕከሉ በየዓመቱ ርዕሱን ሲቀይር የሚቃወመው ሰው አይኖርም። ዋጋውም ግልጽ ነው፤ ረጅም ሙከራ፣ ከባድ መሣሪያ ወይም የተማሪ ሥልጠና የሚፈልግ ምርምር በዚህ ቅርጽ አይሠራም።

በ1984 የተመሠረተው የሳንታ ፌ ኢንስቲትዩት ከዚህ አልፎ ከዩኒቨርሲቲ ጭርሱን ወጣ። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ተቋም ከሆነው ከሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የመጡ ነበሩና፣ ትምህርት ክፍል የሌለበትን የአሠራር ልማድ ይዘው ነው የወጡት። በኤምአይቲ በ1985 የተከፈተው ሚዲያ ላብ ደግሞ መካከለኛውን መንገድ ያሳያል። በ1967 በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ከተጀመረው የአርክቴክቸር ማሽን ቡድን የወጣ በመሆኑ መቀመጫው የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ነው እንጂ ምህንድስና አይደለም። የራሱ የዲግሪ ፕሮግራም አለው፣ ሰውም በራሱ ይቀጥራል፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ከአባል ኩባንያዎች መዋጮ ነው። ከዳር ያለ መነሻ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም፤ በትልልቆቹ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ ፋይሉ ሊያልፍ የማይችል ሰው እዚያ ቦታ ያገኛል። የኩባንያ መዋጮ ግን በየዓመቱ የሚታይና የሚያስደንቅ ነገር ማሳየትን ይጠይቃል፤ ይህ መሥራች ልማድም ከቤቱ ጋር ይኖራል።

እንዳለ መተው

ስለዚህ መንገድ ብዙ የሚባል የለም። አካባቢው ሲለወጥ ደንቡ ባለበት ከቆየ፣ ደንቡ ራሱ ትርጉሙን ይቀይራል፤ የመዝገቡ ዓምድ እንዳስተማረን ማለት ነው። መተው የሚያዋጣው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ መደቦች በጡረታ የሚለቀቁ ከሆነ። ያን ጊዜ መጠበቅ ሥራ መፍታት ሳይሆን ማዘጋጀት ነው፣ የሚለቀቀው መደብ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ከተጻፈ።

አመራረጥ

ከአምስቱ ለመምረጥ የሚጀመረው ከቅጥር ዝርዝሩ ነው። ተቋሙ ውስጥ የሚሠራውን እያንዳንዱን ሰው ደመወዝ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ፣ የዕድገት ፋይሉን ማን እንደሚያነበው፣ ጡረታ የሚወጣው መቼ እንደ ሆነ በአንድ ገጽ ላይ ማስፈር ይገባል። አብዛኛው ሰው በትምህርት ክፍል የተቀጠረ ከሆነና ገንዘቡ ከአንድ ወይም ከሁለት ምንጭ የሚመጣ ከሆነ፣ ዓላማን መለወጥ ከመደረብ ይሻላል፤ ፈጣን ነው፣ ድርብርብም አያስቀርም። አብዛኛው ሰው በትምህርት ክፍል ተቀጥሮ ገንዘቡ ግን ከብዙ አነስተኛ ምንጮች የሚመጣ ከሆነ፣ ደንቡን በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ባለቤት ስለሌለ የማብቂያ ቀን ያለው መደረብ ይቀራል።

ተቋሙ የራሱ ቋሚ ተመራማሪዎች ካሉት ነገሩ ይለያል። እዚህ የችኮላ መንገድ የለም። ከጡረታ ሰሌዳው ጋር አብሮ የሚሄድ የአሥር ዓመት ዕቅድ ያስፈልጋል፤ እየተለቀቀ የሚሄደውን መደብ እያንዳንዱን ወደ አዲሱ ዓላማ እያዞሩ። አመራሩ ይህን ያህል የሚታገሥ ካልሆነ፣ ነባሩን ባለበት ትቶ ገለል ብሎ መጀመር ከማፍረስ ያነሰ ጉዳት አለው፤ ነፃ ገንዘብ መኖሩ ግን የግድ ነው። ከነባሩ በጀት ተቆርጦ የሚጀመር “ነፃ” ማዕከል ከመጀመሪያው ቀን ጠላት ይዞ ይወለዳል።

አፍርሶ መሥራትን የምመክረው ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲገኙ ብቻ ነው፦ የሚቆይ አመራር፣ የሚያድግ በጀት፣ አዲሱ አካል በራሱ የሚቀጥርበትና ዕድገት የሚሰጥበት ሙሉ ሥልጣን። ሦስቱም ቢኖሩ ተመራቂዎቹን የሚቀጥር የውጭ ገበያ ስለ መኖሩ ማጣራት ይገባል፤ የሃርቫርዱ ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚያስታውሰው ይህን ነው።

መንገዶቹን በተራ ማጣመርም ይቻላል፤ የማብቂያ ቀን ያለውን ድርብ አስቀድሞ ማስገባት፣ ሰዎች አብሮ መሥራትን ሲለምዱ የነባሩን ዓላማ መለወጥ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን አይሠራም። ዓላማውን በአዋጅ ለውጦ ልምዱን በኋላ የሚፈልግ ተቋም፣ አዲሱን ቃል ተምሮ የቀድሞውን ሥራ የሚሠራ ተቋም ይሆናል።

የትኛውም ቢመረጥ በጋራ የሚቀጠር ሰው ደብዳቤ ላይ ሦስት ነገሮች በግልጽ መጻፍ አለባቸው። የዕድገት ፋይሉን የሚያነበው ኮሚቴ ማን ማን እንደሚገኝበት አንዱ ነው፤ ቢያንስ ሁለቱ አባላት ከመስኩ ውጭ መሆናቸው ቢጠቀስ ይመረጣል። ከአንድ መስክ በላይ በሆኑ መጽሔቶች ላይ የወጣ ሥራና የጋራ ደራሲነት እንዴት እንደሚቆጠር ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ሰውየው ሲለቅ ወይም ጡረታ ሲወጣ መደቡ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይመለስ ወይስ በተቋሙ ይቅር የሚለው። ይህ ሳይጻፍ ከቀረ መደቡ በተለቀቀ ማግስት የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈው ዲን ያስገባዋል፤ ዲኑ ከሌለ ደግሞ ቀድሞ የጠየቀው።